ሁሉም በአንድ በር፦ የፖርት ቁጥርና የፋየርዎል የኢኮኖሚ ታሪክ

በጁላይ 1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሎነን አንዲት አጭር ኢሜይል ወደ ካሊፎርኒያ ላከ። በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ አድፍጦ የይለፍ ቃሎችን የሚለቅም ፕሮግራም ተገኝቶ ስለነበር፣ ሰዎች ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚገቡበትን መንገድ በምስጠራ የሚጠብቅ አዲስ ሶፍትዌር ጽፏል። ሶፍትዌሩ የሚታወቅበት ቁጥር ያስፈልገው ነበር። ፋይል የሚተላለፍበት አሮጌ አገልግሎት ቁጥሩ 21 ነው፤ ያለ ምስጠራ ከርቀት የሚገባበት ቴልኔት ደግሞ 23። በመካከላቸው ያለው 22 ባለቤት አልነበረውም። ዩሎነን 22 ይሰጠኝ አለ፤ በማግስቱ ተሰጠው። ክፍያ አልተጠየቀም፤ ጠበቃ አላቆመም፤ ማመልከቻው በየትኛውም መንግሥት ጠረጴዛ ላይ አላደረም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰርቨሮች የሚተዳደሩት በዚያ ቁጥር በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቁጥር ማግኘት ዛሬም በነፃ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ ዛሬ አዲስ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ቁጥር ስላገኘ ብቻ መልእክቱ ከሌላው ወገን እንደሚደርስ ሊተማመን አይችልም። በመንገዱ ላይ የቤቱ ራውተር፣ የመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል፣ የቴሌኮም ድርጅቱ መሣሪያ፣ አንዳንዴም የመንግሥት ማጣሪያ ቆመዋል። እያንዳንዱ ጠባቂ በሩን የዘጋው በቂ ምክንያት ይዞ ነው። የሁሉም ውሳኔ ሲደመር ግን አንዳቸውም ያላቀዱት ውጤት ወጣ። ይህ ታሪክ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ከሩቅ ሲታይ ነው፤ ከአቡ ዳቢ ወደ ደሴ የሚደወል የስልክ ጥሪ የሚያልፍበት ወይም የሚቀርበትም ታሪክ ነው።

የገበያ ቀን ስምምነት

አንድ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት አድራሻ የሕንፃ አድራሻን ይመስላል። ፖርት የሚባለው በሕንፃው ውስጥ ያለው የቢሮ ቁጥር ነው። ፓኬቱ ከሕንፃው ከደረሰ በኋላ ለኢሜይል፣ ለድረ ገጽ ወይም ለሌላ አገልግሎት መሰጠቱ የሚወሰነው በቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በ16 ቢት ስለሚጻፍ ከ0 እስከ 65,535 ድረስ ይዘልቃል።

በሜይ 1972 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተማሪ የነበረው ጆን ፖስተል ለአርፓኔት መሐንዲሶች ባሰራጨው አጭር ሐሳብ፣ እነዚህን ቁጥሮች የሚያድል አንድ ኃላፊ እንዲኖር ጠየቀ፤ ኃላፊው ምናልባት እርሱ ራሱ ሊሆን እንደሚችልም ጠቆመ። ሥራውን ያዘው፤ በኦክቶበር 1998 በ55 ዓመቱ እስኪያርፍም ድረስ አልለቀቀውም። የመጀመሪያው የአርፓኔት ፕሮቶኮል መረጃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያጓጉዝ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ቁጥሮች፣ አንድ ተጋማሽና አንድ ኢተጋማሽ፣ ያስፈልጉ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲሸጋገር ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቁጥር በቃ። 21፣ 23 እና 25 ኢተጋማሽ ሆነው የቀሩት፣ 22ም ባዶ ሆኖ ዩሎነንን የጠበቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ከኢኮኖሚ ትምህርት አንጻር ሲታይ እነዚህ ቁጥሮች የገበያ ቀንን ይመስላሉ። የአንድ ወረዳ ገበያ ማክሰኞ የሚቆመው ማክሰኞ ከረቡዕ ስለሚሻል አይደለም፤ ሻጩ ገዢው እንደሚመጣ፣ ገዢውም ሻጩ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። ቶማስ ሼሊንግ በ1960 ባሳተመው የግጭት ስልት መጽሐፉ ሰዎች ሳይነጋገሩ የሚገናኙበትን እንዲህ ያለ ነጥብ በሰፊው ተንትኗል። 80 ቁጥርን የድረ ገጽ በር ያደረገው ስምምነት ብቻ ነው። ስምምነቱ ርካሽ የሆነው ማንንም ስለማያስገድድ ነው፤ ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። በ80 የሚገባው ነገር በእርግጥ ድረ ገጽ ስለመሆኑ የሚያረጋግጥ የለም። ሁሉም እውነት እስከተናገረ ድረስ ብቻ የሚሠራ መለያ ነው።

ግንቡ እንዴት ተሠራ

እውነት የመናገሩ ዘመን ማብቃት የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው የኮምፒዩተር ትል በኢሜይል መቀበያውና የተጠቃሚን ማንነት በሚናገረው ትንሽ አገልግሎት ቀዳዳዎች እየገባ በሰዓታት ውስጥ ኔትወርኩን አጥለቀለቀው። በወቅቱ ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒዩተሮች 6,000 ገደማ እንደተያዙ ተገመተ። ትሉ በር አልሰበረም፤ የገባው ክፍት ሆነው በተተዉ በሮች ነው። አብዛኞቹ ባለቤቶች እነዚያ በሮች መኖራቸውንም አያውቁም ነበር።

መልሱ ፋየርዎል ሆነ። በዲጂታል ኢኩዊፕመንትና በኤቲኤንድቲ ቤል ቤተ ሙከራ የነበሩ መሐንዲሶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በድርጅቱ ኔትወርክና በውጭው ዓለም መካከል አንድ ኬላ አቆሙ፤ ኬላው የእያንዳንዱን ፓኬት አድራሻና ፖርት እያየ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። የቤል ቤተ ሙከራዎቹ ዊልያም ቼስዊክና ስቲቨን ቤሎቪን በ1994 ያወጡት መጽሐፍ የሙያው መማሪያ ሆነ። በእስራኤል የተመሠረተው ቼክ ፖይንት በዚያው ዓመት ፋየርዎልን ተራ የቢሮ ሠራተኛ በመዳፊት እየነካ የሚያዋቅረው የገበያ ዕቃ አድርጎ አቀረበው።

የፋየርዎል ዋና ደንብ አንድ ነው፦ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው። ደንቡ ለምን እንደጸና ለመረዳት የጠባቂውን ሒሳብ ማየት ይበቃል። አንድ የኔትወርክ አስተዳዳሪ ፖርት ከፍቶ ጥቃት ቢደርስ ስሙ ይጠራል፤ ሥራውንም ሊያጣ ይችላል። ፖርቱን ዘግቶ አንድ ጠቃሚ ሶፍትዌር ሳይሠራ ቢቀር ግን ጉዳቱ በብዙ ሰዎች ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ገና ያልተፈጠረ ሶፍትዌርማ አቤት የሚልለት የለም። በሩን የዘጋው ሰው ጥቅሙን ሙሉ በሙሉ ያገኛል፤ ወጪውን በአብዛኛው የሚሸከመው ሌላ ነው። ኢኮኖሚስቶች ውጫዊ ወጪ የሚሉት ይህንን ነው፤ እንዲህ ያለ ወጪ ባለበት ሁሉ ድርጊቱ ለማኅበረሰቡ ከሚበጀው መጠን ያልፋል።

የኤፍቲፒ ሸክም

ወጪው ማን ላይ እንደወደቀ በጥራት የሚያሳየው የፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ ነው። የመጀመሪያ ረቂቁ በኤምአይቲ በነበረው አባይ ቡሻን በ1971 የተጻፈ ሲሆን፣ ከፋየርዎል በብዙ ዓመታት ይቀድማል። አሠራሩ የዚያን ዘመን መተማመን ይዟል። ደንበኛው በ21 ቁጥር ሰርቨሩን ያነጋግራል፤ ፋይል ሲጠይቅ ግን በዚሁ መስመር አይቀበልም። የራሱን አድራሻና የከፈተውን ፖርት ይናገራል፤ ሰርቨሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ደንበኛው ይደውላል። ሁሉም በር ክፍት በሆነበት ዘመን ይህ ምንም ችግር አልነበረውም።

ፋየርዎል ሲመጣ ደንበኛው ጋ ያለው ኬላ የሚያየው ያልተጠራ እንግዳ ደጅ ሲያንኳኳ ነው፤ ስለዚህ ይጥለዋል። ተጠቃሚው በትክክል ይገባል፤ የይለፍ ቃሉም ይሠራል፤ የፋይሎቹ ዝርዝር ግን አይመጣም። ቤሎቪን በፌብሩዋሪ 1994 ባሰራጨው ሰነድ መፍትሔ አቀረበ። በፕሮቶኮሉ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ፣ ግን እምብዛም የማይሠራበት ሌላ ስልት አለ፤ ተገብሮ ይባላል። በእርሱ ፖርት የሚከፍተው ሰርቨሩ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚደውለው ደንበኛው ይሆናል። ደንበኛው በተፈጥሮው ይህን ስልት ቢመርጥ ኬላው ይረካል።

ችግሩ ተፈታ ቢባልም፣ በእርግጥ የሆነው የሸክሙ መዛወር ነው። አሁን ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ፋይል በዘፈቀደ የተመረጠ ፖርት መክፈት አለበት፤ የሰርቨሩ ኬላ ደግሞ በተራው እነዚያን ፖርቶች አያውቃቸውም። ስለዚህ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ለምሳሌ ከ50,000 እስከ 50,100 ያለውን ክልል በሶፍትዌሩ ውስጥ ይወስናል፤ ያንኑ ክልል በፋየርዎሉ ይከፍታል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ዝርዝሩ እንደገና አይመጣም። ክልሉ ሲሰፋ ለጥቃት የተጋለጠው ገጽ ይሰፋል፤ ሲጠብ በአንድ ጊዜ የሚስተናገደው ሰው ያንሳል።

አንዳንድ ፋየርዎሎች ይህን ሸክም ለማቅለል የኤፍቲፒን ንግግር ከውስጡ ማንበብ ጀመሩ፤ የትኛው ፖርት እንደተመረጠ ከመልእክቱ ያነቡና ለጊዜው ይከፍታሉ። ብልሃቱ የሠራው ንግግሩ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ ነበር። ኤፍቲፒ ሲመሰጠር ኬላው ማንበብ ተሳነው፤ በሩም ተመልሶ ተዘጋ። ለደኅንነት ሲባል የቆመው ኬላና ለደኅንነት ሲባል የመጣው ምስጠራ እርስ በርስ ተጋጩ። በኋላ ኔትወርኩን በሙሉ የሚያዳርሰው ግጭት በትንሹ እዚህ ታይቷል።

የአድራሻ እጥረት የሠራው ሁለተኛ ግንብ

በዚያው በ1994 ከደኅንነት ጋር ያልተያያዘ ሌላ ችግር ሁለተኛ ግንብ አስከተለ። የኢንተርኔት አድራሻ በ32 ቢት ስለሚጻፍ ጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ድሩ ሲስፋፋ እንደሚያልቅ ግልጽ ሆነ። ኢግቫንግና ፍራንሲስ በሜይ 1994 ያቀረቡት የአድራሻ ትርጎማ ጊዜያዊ ማስታገሻ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ዛሬ በየቤቱ በሚገኘው መልኩ፣ በግቢው ውስጥ ያሉ ኮምፒዩተሮች የውስጥ አድራሻ ይይዛሉ፤ ወደ ውጭ የሚታየው የራውተሩ አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ራውተሩ ከውስጥ የወጣውን እያንዳንዱን ግንኙነት በፖርት ቁጥር መዝግቦ፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል።

ከውጭ ቀድሞ የሚመጣ መልእክት ግን በመዝገቡ ላይ ስም የለውም፤ ራውተሩ ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል። እጥረትን ለማስታገስ የመጣው መሣሪያ ማንም ሳይጠይቀው በር ዘጊ ሆነ። ባለቤቱ ከፈለገ ወደ ራውተሩ ገብቶ በዚህ ፖርት የሚመጣውን ለዚህ ኮምፒዩተር ስጥ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ፖርት ማስተላለፍ የሚባለው ይህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በቴሌኮም ድርጅት ደረጃ ትርጎማ ሲደረግ ደግሞ ራውተሩ የተጠቃሚው ስላልሆነ ቢያውቅም አይችልም። የማከፋፈያው ማዕከላዊ ቋት ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2011 ሲያልቅ ዓለም በዚህ ማስታገሻ ላይ መኖርን ለምዶ ነበር።

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ጠባዩን ለወጠ። ቀድሞ ማንኛውም ኮምፒዩተር ለሌላው ይደውል ነበር፤ አሁን ብዙኃኑ መደወል ብቻ የሚችሉ ሆኑ። የሚደወልላቸው ጥቂቶች፣ ማለትም አድራሻ፣ ክፍት በርና ዘበኛ ለማቆየት አቅም ያላቸው ናቸው።

ሁሉም በአንድ በር

ጸሐፊዎቹ ሶፍትዌራቸው እንዲያልፍ የትኛው በር ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ ፈለጉ። የትኛውም መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ከድረ ገጽ ሊከለክል አይደፍርም፤ ስለዚህ 80ና ምስጢራዊው 443 ክፍት ናቸው። ሁሉም ወደዚያ ጎረፈ። ኤፕሪል 1 ቀን 2001 የወጣ የማሾፊያ ሰነድ ማንኛውንም የኢንተርኔት ግንኙነት በድረ ገጽ ልብስ ጠቅልሎ በ80 በኩል ለማሳለፍ የሚያስችል ፕሮቶኮል በከባድ ቴክኒካዊ ቋንቋ አቀረበ። ቀልዱ ብዙ ሳይቆይ የዕለት ተዕለት አሠራር ሆነ።

በኦገስት 2003 የወጣው ስካይፕ ይህን ጥበብ ለሕዝብ አዳረሰው። የስዊድኑ ኒክላስ ዜንስትሮምና የዴንማርኩ ያኑስ ፍሪስ ከኢስቶኒያ ፕሮግራመኞች ጋር የሠሩት ይህ ሶፍትዌር ከተጠቃሚው ምንም የፖርት ዕውቀት አይጠይቅም። ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ኬላ ጀርባ ሲሆኑ ሁለቱም መጀመሪያ ለአንድ ሦስተኛ ወገን ይደውላሉ፤ ሦስተኛው ወገን የእያንዳንዳቸውን የውጭ አድራሻና ፖርት ለሌላው ይነግራል። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ይልካሉ። እያንዳንዱ ኬላ ንግግሩን የጀመረው የራሱ ሰው እንደሆነ ስለሚያምን የሚመጣውን እንደ መልስ ቆጥሮ ያስገባል። ይህ ካልሠራ ድምፁ በሦስተኛ ኮምፒዩተር በኩል ይተላለፋል፤ ያም ካልሆነ ሶፍትዌሩ በ80 ወይም በ443 ይሞክራል።

ለዚህ ድልድይ የሆኑት ክፍት አድራሻና ጥሩ መስመር ያላቸው የሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች መስመራቸው ለማያውቁት ሰው ጥሪ መዋሉን ሲደርሱበት ተቆጡ። የነፃው ጥሪ ወጪ አልጠፋም፤ በራቸውን ክፍት ያቆዩት ጥቂቶች ከፈሉት።

ይሁን እንጂ ያው 2003 በር ዘጊዎቹም ትክክል እንደነበሩ አሳይቷል። ጃንዋሪ 25 የተነሣው ስላመር ትል በ1434 ፖርት እየገባ 75,000 ገደማ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ሊጠቁ ከሚችሉት አብዛኞቹ የተያዙት በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እርማት ያወጣው ከስድስት ወር በፊት ነበር። በኦገስት ብላስተር በ135 ተከተለ። በቀጣዩ ዓመት ዊንዶውስ ኤክስፒ በሁለተኛው ማሻሻያው ፋየርዎሉን ከመጀመሪያው ተከፍቶ እንዲሠራ አደረገ። ጥያቄው እንግዲህ ግንብ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አልነበረም።

መንግሥት በኬላው

የፖርት ቁጥር ለዘበኛ የሚጠቅመው ለመለየት ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ይህ ለመንግሥትም ይሠራል። የዓለም አቀፍ ስልክ ጥሪ ለብዙ የቴሌኮም ድርጅቶች ትልቅ የገቢ ምንጭ ነበርና በኢንተርኔት የሚደረግ ጥሪ ያንን ገቢ ነካ። የጥሪ መቀስቀሻው መደበኛ ፖርት 5060 በመሆኑ እርሱን መዝጋት ቀላል ነው። ከአንድ በር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚያልፉት እነ ስካይፕ ሲመጡ ግን ቁጥር መቁጠር አልበቃ አለ፤ የፓኬቱን ጠባይና ይዘት የሚመረምሩ ውድ መሣሪያዎች ተገዙ።

በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ሲፈርጅ፣ ስካይፕ ተከለከለ የሚል ሥጋት በአገር ቤትም በውጭም ተነዛ፤ መንግሥት ተራ ተጠቃሚዎች የአዋጁ ዒላማ እንዳልሆኑ አስታወቀ። ሳዑዲ ዓረቢያ በሴፕቴምበር 2017 መመዘኛዋን ለሚያሟሉ መተግበሪያዎች እገዳዋን አነሣች። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ያልተሰጠ የኢንተርኔት ጥሪ ተገድቦ ቆይቷል፤ በዋትስአፕ ጽሑፍ እየደረሰ ድምፅ የማያልፈው ለዚህ ነው። በዚያ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከልጇ ጋር ለመነጋገር ፈቃድ ላለው መተግበሪያ መክፈል ወይም የድምፅ መልእክት ቀድታ መላክ ሊኖርባት ይችላል። እንዲህ ያለው ገደብ እንደ ግብር ከታየ እጅግ አድሏዊ ግብር ነው፤ ዋናው ሸክም የሚያርፈው ዘመዱ ሩቅ በሆነውና ደመወዙ ዝቅተኛ በሆነው ላይ ነው።

የተከፈለው ዋጋ

ሁሉም በአንድ በር ሲያልፍ የበሩ ቁጥር ትርጉሙን አጣ። በ443 የሚያልፈው የባንክ ሒሳብ፣ የቪዲዮ ስብሰባ ወይም የሰርጎ ገብ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም የተመሰጠረ ጅረት ነው። አንድ አመልካች የመቅጫ መሣሪያ ሲሆን የሚመለከታቸው ሰዎች አመልካቹን ያዛባሉ፤ ኢኮኖሚስቶች ይህን የጉድሃርት ሕግ ይሉታል። ዘበኞቹ ቁጥርን ፈረዱበት፤ ሶፍትዌር ጸሐፊዎቹ ቁጥርን ከንቱ አደረጉት። ጥብቅነቱ በመጨረሻ የዘበኛውን የገዛ ዓይን ጋረደ።

ሁለተኛው ዋጋ በፈጠራ ላይ ተከፈለ። በ2000 የተደነገገው ኤስሲቲፒ ከቲሲፒ የተሻሉ ባሕርያት ነበሩት፤ በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ግን ስለማያውቁት ይጥሉት ነበር፤ በሕዝብ ኢንተርኔት ላይም ሥር ሳይሰድ ቀረ። ጉግል የጀመረውና በሜይ 2021 መደበኛ የሆነው ክዊክ ከዚህ ተምሯል፤ ዘወትር የሚጓዘው በ443 ነው፤ ኬላዎች አንብበው እንዳይለማመዱትም የራሱን መመሪያዎች ሳይቀር በአብዛኛው ይመሰጥራል። ይህን ፕሮቶኮል ዓለም እንዲቀበለው ማድረግ የቻለው ግን አሳሹም ሰርቨሩም የራሱ የሆነ ግዙፍ ድርጅት ነው። ዩሎነን በ1995 አንድ ኢሜይል ብቻ አስፈልጎት ነበር።

ሦስተኛው ዋጋ የኃይል መሰብሰብ ነው። ብዙኃኑ የሚደወልላቸው ካልሆኑ በመካከል የሚያገናኝ ያስፈልጋል፤ አገናኙም ዋጋውን ይተምናል። ኢቤይ ስካይፕን በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ማይክሮሶፍት በ2011 8.5 ቢሊዮን ከፈለበት፤ በቀጣዩም ዓመት የተጠቃሚዎቹን ድልድይ ኮምፒዩተሮች በራሱ ሰርቨሮች ተካ። ጥሪው ይበልጥ አስተማማኝ ሆነ፤ በዚያው መጠን በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ሥር ወደቀ። በሜይ 2025 ኩባንያው ስካይፕን ዘጋው።

አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት አይፒ ቪ6 እጥረቱን አስወግዷል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን አድራሻ ለመስጠት ይበቃል። ብዙ የቤት ራውተሮች ግን አዲሱን ሥርዓት ተቀብለውም ከውጭ የሚመጣውን እንደ ድሮው ይዘጋሉ። አድራሻ ስለበዛ በር አይከፈትም፤ የዘበኛው ሒሳብ አልተለወጠምና።

የሚለወጠው ወጪው ወደሚወስነው ሰው ሲመለስ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ማንኛው በር ተከፈተ ከሚለው ይልቅ የሚገባው ማን ነው የሚለውን በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ መመርመር ጀምረዋል፤ ጉግል በ2014 አሠራሩን በይፋ ገልጿል። ይህ ለእነርሱ ግንቡን አላስፈላጊ ሊያደርገው ይችላል። ባለሙያ የመቅጠር አቅም የሌለው ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም ፈቃዱን በሌላ እጅ የያዘ የቴሌኮም ተጠቃሚ ግን አሁንም በዚያው በአሮጌው በር ፊት ቆመዋል። የ1972ቱ የፖስተል መዝገብ ዛሬም በነፃ ይሠራል፤ ማንም ቁጥር ቢጠይቅ ይመረመርለታል። ቁጥሩ ለምን እንደሚያገለግል የሚወስኑት ግን ከመዝገቡ ውጭ ያሉ ሰዎች ሆነዋል።